እንግዳ ደጅ የሚያቆም ቤት

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። የአቶ ቢሻው ነገር ግን ለተረቱም አስቸጋሪ ነበር። መከራው እቤታቸው ድረስ መጥቶ ሲመክራቸው ከርሞ እንኳ እርሳቸው ገና ጆሮ አልሰጡትም።

መከራው ይህ ነው። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ባላቸው ስለሞቱና አንድ ልጃቸው ስመኝ ቤሩት ስለሄደች ወንድማቸው ወደ ቤታቸው አመጧቸው። በደጋ አገር የአሮጊት የክብር ቦታ ምድጃ ዳር ነውና እዚያው መደብ ተደልድሎላቸው፣ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ታዲያ በገብስ አረም ወራት ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ በወረደበት ቀን፣ እግራቸው ረመጥ ውስጥ ገብቶ ክፉኛ ተለበለበ። ስመኝ ይህን ሰማችና አጎቷን ከተማ ካለው ስልክ ቤት አስጠርታ ደወለች። «እናቴን መካነ ሰላም ካለው የአረጋውያን ማረፊያ አስገባልኝ፤ በገበያ ቀን ደውዬ መልስህን እሰማለሁ» አለች። አቶ ቢሻውም መልሳቸውን ወዲያው ቆረጡ፤ እምቢ ነው።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባለው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ነገሩ። አቶ ቢሻው በገበያው ቀን ማለዳ ወደ መካነ ሰላም ከተማ የሚወርደውን አይሱዙ ሲያስቆሙ፣ ሾፌሩ ሽማግሌ አክብሮ ጋቢና አስገባቸው። ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ሻሏን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ ቢሻው። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ እግዜር ይመስገን» አሉ፤ በወሎ ሰላምታ ሃይማኖት አይጠይቅም። «አላወቅሁሽም ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የአሕመድኑር ልጅ ነኝ፤ ሱሀይላ።»

«ያቺ ጅዳ የሄደችው? እሰይ፣ እንኳን ላገርሽ አበቃሽ! አባትሽና እኔ እኮ ባንድ ቅሬ፣ ባንድ እድር ስንቱን ሰው አብረን ቀበርን።»

ሱሀይላ ሳቀችና እጃቸውን አየች። «ገበያ እየወረዱ ባዶ እጅዎን ነዎት?»

«ባዶ አይደለሁም፤ እምቢታ ይዣለሁ» አሉ አቶ ቢሻው፤ ነገሩንም ከእሳቱ እስከ ስልኩ ዘርዝረው አጫወቷት። «እስቲ አንቺ ፍረጂ። ወንድም እያላት፣ ቤት እያላት፣ ሰው እንደሌላት ኸማታውቀው ደጅ ልጣላት? ‹ቢሻው እኅቱን ጣለ› ሲባል በየትኛው ፊቴ ነው ለቅሶ ቤት የምቀመጠው? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው።»

«ተረቱስ መልካም ነበር፤ እትዬ ይታይሽን ያቃጠላቸው ግን አመዱ ውስጥ የነበረው አይደል?»

«አፍሽን ጅዳ ነው ያሳልሽው?» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው።

«አፉ ይበሉኝ አባባ፤ ለድፍረት አይደለም። ጣሏቸው አላልኩም። የክብር ቦታ ሰጥተዋቸዋል፤ ግን ያ ቦታ ክብር የሚሆነው ለሚያይ ሰው ነው። ለማያይ ሰው ገደል አፋፍ ነው። ከሩቅ ዘመድ ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰሙም? ሰው ሁሉ ማሳ ሲወርድ እርስዎም ለእትዬ የሩቅ ዘመድ ነዎት።»

አቶ ቢሻው ይህን ያልሰሙ መስለው በመስኮቱ ወደ ገብሱ ማሳ አዩ። ተሟጋች ሰው አንዱ ክርክር ሲጠብበት ሌላውን ማንሳቱ የታወቀ ነውና እርሳቸውም ወደ ሃይማኖቱ ዞሩ።

«እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ ባንድ ጣሪያ ነው አሉ። ጾሟን ማን ያውቅላታል? ሥጋውስ?»

«እርስዎና አባቴ ስንት ዘመን በአንድ ድንኳን ስትበሉ ሥጋው መቼ ተምታታባችሁ? ሄደው ይጠይቋቸው፤ እኔም አላየሁትም። ስመኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ እዪልኝ ብላኝ ዛሬ ልሄድ ነበር።»

«መልካም፤ አብረን እናያለን። እኔ እንደሁ ያንድ ቤት ደግነት ኸምኑ እንደሚታወቅ ጠንቅቄ አውቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ‹ኖር› ብሎ ኸተነሳ፣ አጎንብሶ ኸተቀበለ፣ ኸላይ ኸመደቡ ካስቀመጠ ያ ቤት ደግ ቤት ነው። እንግዳ ያላከበረ ቤት ደግሞ ደካማ አያከብርም። ዛሬ መልእክት እንላክና በሚመጣው ገበያ እንሄዳለን።»

ሱሀይላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ እኔ ጅዳ የገባሁበት ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሽቶው፣ ተምሩ፣ ምንጣፉ! የገባው ሁሉ አመስግኖ ይወጣል። በጓዳ ግን የቤቱ እናት፣ አንዲት ሐጃ፣ ረጥበው ተኝተዋል። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ላጥባቸው ስገለብጣቸው ጀርባቸው ቆስሎ አጥንታቸው ሊታይ ደርሷል። ልጆቻቸው ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚገለብጣቸው ሰው አላሰቡም ነበር። እስኪድኑ ድረስ እኔ አገላበጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳው እንዴት ተስተናገደ ብዬ አልጠይቅም። ተነስቶ መክሰስ የማይችለው ሰው እንዴት ነው የተያዘው? እሱን ነው የምጠይቀው። መልእክት ከላክን የምናየው የተጠረገውን ነው። ዛሬ፣ ሳንጠራ እንግባ።»

«ሳይጠሩ ሰው ቤት? ነውር ነው!»

«ነውሩ በእኔ ይሁን።»

አቶ ቢሻው አጉረመረሙ እንጂ እምቢ አላሉም። እውነቱን ለመናገር፣ ባዶ እምቢታ ይዞ ስልክ ቤት ከመግባት ምክንያት ይዞ መግባት ይሻላል ብለው ነው። በሆዳቸው ይህን ቤት ሳይፈትኑት ጥለውታል።

ማረፊያው ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። የከተማው ቅሬዎች ተባብረው ነው ያቆሙት፤ ዐረብ አገር ያሉ ልጆችም አግዘዋል። አቶ ቢሻው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቤቶች!» አሉ። መልስ የለም። ደገሙት። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት፣ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች ብቅ አለች። ዝናሽ የምትባለው አስታማሚ ናት።

«እንደምን ዋሉ አባባ። ትንሽ ይታገሡኝ፤ እያጎረስኩ ነው» አለችና ተመልሳ ገባች። መቀመጫም አላመጣች፣ «ግቡ»ም አላለች።

አቶ ቢሻው ከዘራቸውን እንደያዙ ቀሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ ደጅ ላይ ያቆማቸው ቤት የለም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ይነሳላቸዋል፤ ሰርግ ቤት ሲገቡ የድንኳኑ ራስ ይለቀቅላቸዋል።

«አየሽ አይደል!» አሉ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ። «ተፈተነ፣ ወደቀ። እንሂድ።»

«ማንን ትታ ወደ እርስዎ መምጣት ነበረባት?»

«ማንንም! ሽማግሌ ደጅ ቆሞ?»

«ውስጥ ያለውም ሽማግሌ ነው፣ አባባ። እርስዎ ቢናደዱ መንገዱ ክፍት ነው፤ ይሄዳሉ። ያ የተኛው ቢናደድ የት ይሄዳል? እህሉን አፉ ውስጥ እንዳለ ትታው መጥታ ትን ቢለውስ? እኔ እኮ አሁን ነው ደስ ያለኝ። ይህ ቤት ለእንግዳ ሲል ደካማውን እንደማይተው በዐይኔ አየሁ። ነገ እትዬ ይታይሽ ከውስጥ ሲሆኑ የሚጠብቀው ሰው ማን እንዲሆን ይፈልጋሉ? እንግዳው ወይስ እሳቸው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚሉት ሆነ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ መግባቱን ግን ለሱሀይላ ማሳየት አልፈለጉም። ከዘራቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ቆሙ። ቆመውም ጠበቁ።

ዝናሽ ስትመጣ ይቅርታ ጠይቃ በማስታጠቢያ ውኃ አቀረበች።

«ምግብ አልበላም» አሉ አቶ ቢሻው፣ ኩርፊያው ገና አልለቀቃቸውም።

«ለምግብ አይደለም አባባ፤ ለመጨበጥ ነው። ከመንገድ የመጣ እጅ ደካማ ሰው ያሳምማል።»

ታጥበው ገቡ። በመጀመሪያው አልጋ ላይ ያገኟቸውን አሮጊት ሲያዩ አቶ ቢሻው ክው አሉ። የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ለዓመታት ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያጫውቱ የነበሩት የኔቢጤ ናቸው።

«ሞተሻል ብለን ነበር እኮ!»

«ቅሬህ ሳይሰማ ማን ቀበረኝ?» አሉ አሮጊቷ። «ንፍሮ ትሰጠኝ ነበር፤ እግዜር ይስጥህ። ስሜን ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። በዛች እባላለሁ። እዚህ ስሜን ሲጠሩ ነው የሚውሉት። ‹እማማ በዛች ይገልበጡ፤ እማማ በዛች ውኃ ይጠጡ!› ኧረ በአላህ አሰለቹኝ!»

ሱሀይላ ፈቃድ ጠየቀቻቸውና ዝናሽ ስታገላብጣቸው ተረከዛቸውንና ትከሻቸውን አየች። እግራቸው ከዳሌያቸው በታች ከከዳቸው ቆይቷል፤ ቆዳቸው ግን አንድ መቅላት እንኳ የለውም። አንሶላው ደረቅ ነው። ሱሀይላ ቀና ስትል ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ሐጃዋን አስታውሳ መሆን አለበት። ከዚያ ዝናሽን በትሕትና ውጭ እንድትቆይ ለመነቻትና ወደ በዛች ጎንበስ አለች።

«አሁን ማንም የለም፣ እማማ። ይናገሩ፤ ይጮሁብዎታል? ጠርተው ሳይመጡልዎ ይቀራሉ?»

«ሹሮው ጨው ያንሰዋል።»

«ሌላስ?»

«ቄሱ ሲመጡ ንስሐዬን ሳልጨርስ ይቸኩላሉ። ሥጋው እንደሁ በሁለት ድስት፣ በሁለት ቢላ ነው፤ አራጁም በየሃይማኖቱ ነው፤ በዚህ አልማቸውም። ልጆቹ ደጎች ናቸው። ዘበኛው ብቻ… ማታ ማታ በሩን ኸውጭ በቁልፍ ይቆልፍብናል።»

አቶ ቢሻው ይህኛውን በልባቸው ያዙት። ከአልጋው ራስ ጀምሮ በግድግዳው ላይ ተወጥሮ በጓሮ በር የሚወጣ ገመድ ዐይናቸውን ያዘው።

«ይህ ለምንድነው?»

«ለማያዩት ነው» አሉ በዛች። «ይዘውት ሽንት ቤት ይሄዳሉ።»

ሽማግሌው ገመዱን ጨበጡ፤ ዐይናቸውንም ጨፈኑ። ቀስ ብለው ሄዱ። ደፉ ላይ ገመዱ ቋጠሮ ነበረው፤ ቋጠሮው ሲነካቸው እግራቸውን አነሱ። ነፋሱ ፊታቸውን ሲመታው ውጭ መሆናቸውን አወቁ፤ እንደገና ቋጠሮ፣ ከዚያም የእንጨት በር። ማንንም አልጠሩም፤ ማንም አልያዛቸውም። ዐይናቸውን ሲገልጡ ሱሀይላ ከኋላቸው ቆማለች።

«እታለም እኔ ቤት ውጭ ለመውጣት የሰው ስም ስትጠራ ነው የምትውለው» አሉ። «ሰው ኸሌለ ሽንቷን ይዛ ትቆያለች። እኔኮ… ምስኪን፣ አሁን ነው የገባኝ።» አፈሩም አዘኑም፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

ምድጃውንም አዩት። ቤቱን የሚያሞቀው እሳት በጭቃ በተሠራ አጥር ተከልሏል። አቶ ቢሻው በከዘራቸው ጫፍ ረመጡን ሊነኩ ሞከሩ፤ ከዘራው አልደረሰም። ሙቀቱ ግን ፊታቸውን እየነካው ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የማረፊያው ኃላፊ አቶ ምንይችል የደረሱት ይሄኔ ነው። የተማሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እንግዶች መምጣታቸውን ሰምተው ወንበር አስመጡ፣ ምሳ ይቅረብ አሉ። አቶ ቢሻው እጃቸውን አነሱ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አልቀመጥም። እኔ እሳት ቤቴ ገብቶ ያስተማረኝ ሰው ነኝ። ሌሊት ይህ ቤት ቢቃጠል፣ ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ደግሞ ባይኖር፣ እነዚህን ሰዎች ማን ያወጣቸዋል?»

ሹም ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ይቆጣል፣ ወይም መመሪያ ይጠቅሳል። አቶ ምንይችል ግን ጥቂት አሰቡና፣

«ልክ ነዎት» አሉ። «አንድ ዝንጋታ የያዛቸው አባት አሉን፤ ሌሊት እየወጡ ቢያስቸግሩን ለሳቸው ፈርተን ነው። እስካሁን እሳት ስላልተነሳ ልክ የሠራን መስሎን ነበር። ስህተት ነው። ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?»

አቶ ቢሻው ሰው ምክር ሲጠይቃቸው ቁመታቸው ይጨምራል። «ቁልፉ ይቅር፤ መቀርቀሪያው ኸውስጥ ይሁን። ዘበኛውም ኸውስጥ ይደር። በሩ ላይ ደግሞ ቃጭል ይንጠልጠል። ያ አባት በሩን ሲከፍቱ ቃጭሉ ይጮኻል፣ ዘበኛው ይነቃል፤ ማንም አይታሰርም። የበቅሎዬን ቃጭል እኔ አመጣለሁ።»

አቶ ምንይችል አመስግነው ወዲያው ጋንካውን፣ የቁልፉን ማንጠልጠያ፣ ነቅለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ አናጢም አስጠሩ። መንገድ ላይ ሲወጡ ሱሀይላ፣ «እንግዲህ ምን ይላሉ? እንከን አገኙበት፤ እምቢ ለማለት ይበቃዎታል» አለች፤ ሆን ብላ ነው።

«እንከንማ ኸማን ቤት ይጠፋል?» አሉ አቶ ቢሻው። «እኔ ቤት ጥፋት ሲነገረኝ ከዘራ አነሳለሁ። እሱ ቁልፉን አነሳ። እንዲህ ያለ ሰው ጋ እኅቴን አሳድራለሁ።»

«አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ደሞ ምን?»

«እትዬ ይታይሽን ጠይቀዋቸዋል?»

ስመኝ ለእናቷ አስባለች፤ እርሳቸው ለስማቸው አስበዋል፤ እኅታቸውን ግን ማንም አልጠየቀም። ስልክ ቤት ገብተው የስመኝ ስልክ ሲደወል፣ «እሺም እምቢም አላልኩሽ፤ እናትሽን ጠይቄ ልመልስልሽ» ብለው ዘጉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ደረሱ። ሚስታቸው ወርቄ ገና ከማሳ አልተመለሰችም። ይታይሽ ከመደቡ ላይ፣ እግራቸው እንደታሰረ፣ ወደ ምድጃው ዞረው ተቀምጠዋል። አቶ ቢሻው እግራቸው ሥር ቁጭ አሉ።

«እታለም፣ ያን ቀን ለምን ኸእሳቱ ተጠጋሽ? በርዶሽ ነበር?»

«ብርዱስ ደህና ነበር» አሉ ይታይሽ። «ሁላችሁም ወጣችሁ። ቤቱ ጭጭ አለ። እንጨቱ ብቻ ይንጣጣል። እንደ ሰው ያወራል እኮ እሳት። ድምፁን ልሰማ ብዬ ጠጋ፣ ጠጋ ስል ነው።»

አቶ ቢሻው የታሰረውን እግር በእጃቸው ያዙ። እኅታቸውን እሳቱ ዳር ያደረሳቸው ብርድ አልነበረም፤ ብቸኝነት ነው። ያውም ‹ዘመድ ከዘመዱ› ብለው በተሟገቱላቸው ቤት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

ያዩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ገመዱን፣ ሁለቱን ድስት፣ የተከለለውን ምድጃ። መጨረሻ ላይ፣ «ባዶው አልጋ ኸአንዲት በዛች ኸምትባል አጠገብ ነው። ችግሯ አፏ አያርፍም» አሉ።

ይታይሽ ቀና አሉ። «ወሬኛ ናት?»

«ኸጧት እስከ ማታ።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውሰደኝ እንጂ! ትመጣለህ ግን፤ እዚያ ጥለኸኝ እንዳትቀር።»

«በየገበያው።»

ይታይሽ በሚመጣው ገበያ ገቡ። እግራቸው በየዕለቱ እየታጠበ ዳነ። ገመዱን ይዘው የፈለጉበት ይወጣሉ፤ ስመኝ ስትደውል ራሳቸው ያወራሉ፤ ከበዛች ጋር የማያነሱት ሰው፣ የማይጥሉት ነገር የለም። ወርቄም ማሳ ስትውል ልቧ ቤት አይቀርም። በቅሬው ላይ አንድ ሰው፣ «ቢሻው፣ እኅትህን ጣልካት አሉ» ቢላቸው፣ «የጣልኳትስ እቤቴ ሳለች ነበር» ብለው ለዚያው ሰው ምክር ሰጡት። «ደካማህን የምታሳድርበት ቤት ስትፈልግ ሳትጠራ ግባ። እንግዳ መቀበያውን ተወውና ኸጓዳ የተኛውን ሰው ጀርባ እይ፤ ብቻውን ሆኖ ሲናገር ስማው። እሳቱ የት እንዳለ፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ተመልከት። ጥፋት ስትነግራቸው ኸተቆጡ ውጣ፤ ካረሙ አስገባ። ካስገባህ ደግሞ አትጥፋ። ማንም የማይጠይቀው ሰው ኸደጉም ቤት ይጎዳል። ኸሁሉ በፊት ግን ራሱን ጠይቀው» አሉት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቀበሌ የመጡ ሌሎችም ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው የማረፊያውን ደጅ መርገጥ ጀመሩ፤ ማረፊያውም ሳይጠራ የሚመጣ ዘመድ ሲበዛበት ይበልጥ እየተሻለው ሄደ።

በአንድ የገበያ ቀን አቶ ቢሻው እንደልማዳቸው ሳይልኩ መጡ። በሩን ሲገፉ የበቅሏቸው ቃጭል ጮኸ።

«ቤቶች!»

ዝናሽ እጇ እንደረጠበ ብቅ አለች። «እንደምን ዋሉ አባባ ቢሻው። ትንሽ ይታገሡኝ፤ እትዬ ይታይሽን እያጠብኩ ነው።»

«አትቸኩይ ልጄ» አሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው ደጅ ቆሙ። ከውስጥ የሁለት አሮጊቶች ሳቅ ይሰማል፤ አቶ ቢሻውም ሳቁ እስኪያበቃ ድረስ ቢቆሙ አይከፋቸውም ነበር።